ክብሪት አታሽትቱኝ

ከአፍንጫዬ ሥር፣ ከላይኛው ከንፈሬ በላይ፣ የምስር ፍሬ የምታክል ጠባሳ አለችኝ። ሰው ብጉር ያመጣት ይመስለዋል። አይደለም፣ ክብሪት ነው ያቃጠለኝ። በልጅነቴ ነገሌ ቦረና ገበያ መሀል ወድቄ ስንፈራገጥ፣ ሊረዳኝ የፈለገ አንድ ደግ ሰው ክብሪት ጭሮ፣ ጭሱን ላሽትታት ብሎ፣ ከነእሳቱ አፍንጫዬ ላይ ደገነው። ሰውዬው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ባገኘው መጀመሪያ አመሰግነዋለሁ፣ ቀጥዬ ልክ ልኩን እነግረዋለሁ። ይህን የምጽፈው ለእሱና ለመሰሎቹ ነው። ይበልጥ ግን የምጽፈው የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጃቸውን ጓዳ ደብቀው ለሚኖሩ ወላጆች ነው።

አባቴ ሃምሳ አለቃ ነበር። ከወሎ ተነስቶ በየጦር ሰፈሩ ሲዞር ኖሮ ነገሌ ላይ እናቴን ይዞ ረጋ። እኔ የተወለድኩት ከካምፑ አጥር ማዶ፣ ወታደር ቤተሰቡ ሁሉ በሚከራይበት ሰፈር ነው። ሕመሜ የጀመረው በሰባት ዓመቴ ነው፤ መጀመሪያ ግን መውደቅ አልነበረም፣ መፍዘዝ ነበር። መምህሬ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፣ እኔ መስኮቱ ላይ ዓይኔን ተክዬ እቀራለሁ። "ምን ታንቀላፊያለሽ!" ብላ በማስመሪያ እጄን መታችኝ። ምቱን አላስታውሰውም፤ ያየሁት በኋላ እጄ ላይ የቀረውን ቀይ መስመር ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል በሰልፉ መሀል ወደቅሁ።

አገሩ ቆላ ስለሆነ ሁሉም ነገር ወባ ነው። የመጀመሪያው ክሊኒክ ደም እንኳ ሳይወስድ "ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ነው" ብሎ ክኒን ሰጠን። ሁለተኛው ታይፎይድ አለ። ሦስተኛው የሆድ ትል ነው ብሎ በትል መድኃኒት አስቀመጠኝ አስነሳኝ። በየክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ያሳለፍኩት ጊዜ ክፍል ውስጥ ካሳለፍኩት ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም። አግዳሚው ላይ እያለሁ ከወደቅሁ ደግሞ ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ይሸሻል። አረፋው የነካው ሰው በሽታው ይጋባበታል ይላሉና። ስነቃ አግዳሚው ባዶ ነው፤ ወረፋው ግን የኔ ይሆናል። አንዳንዴ ይህን እያሰብኩ እስቃለሁ፤ ያኔ ግን አልሳቅሁም።

እናቴም ትሸሽ ነበር። ይህን መጻፍ ከብዶኝ ነበር፣ ጻፊው ያለችኝ ራሷ ናት። ታናሽ እህቴ ገና ጡት ትጠባ ነበርና፣ እኔ ስወድቅ እናቴ ሕፃኗን እቅፍ አድርጋ በር ላይ ቆማ ትጮሃለች። ስነቃ የማየው ያንን ነው፤ እናቴ በር ላይ፣ እኔ መሬት ላይ። ለዓመታት በውስጤ ተቀይሜያታለሁ።

የማትሸሸው አዴ ሀሊማ ብቻ ነበረች። 'አዴ' በእኛ አገር ኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የአክብሮት መጠሪያ ነው። ቤታችን ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ ነበራት። ቀበቶ፣ የቢላ አፎት፣ ጫማ ትሸጣለች፤ ክታብ ያስጻፈ ሰው ሁሉ ደግሞ በቆዳ እንድትሰፋለት እሷ ጋ ይመጣል። እኔ ስወድቅ ጩኸቱን ሰምታ ወስፌዋን ጥላ ትመጣለች፣ በጎኔ ታስተኛኛለች፣ ራሴን ጭኗ ላይ ታደርጋለች። ማን እንዳስተማራት ስጠይቃት "አባቴ ግመል ሲታመምበት በጀርባው አያስተኛውም ነበር" አለችኝ። ሐኪም ቤት ገብታ የማታውቅ ሴት ከሦስቱም ክሊኒክ በላይ ታውቅ ነበር።

"ናጋ ዳ፣ ኢንታላ ኮ፣ ናጋ ዳ" ትለኛለች። ሰላም ነው ልጄ፣ ሰላም ነው። ከመንቃቴ በፊት የምሰማው ድምፅ እሱ ነበር።

የበሽታዬን ስም በትክክል የነገረን የነገሌ ሆስፒታል ጤና መኮንን ነው። የሚጥል በሽታ ነው፣ እርግማን አይደለም፣ አይጋባም፣ መድኃኒት አለው አለን። ፌኖባርቢታል ጀመርኩ። ቀኑን ሙሉ ያስተኛኛል፣ መውደቄ ግን አልቀነሰም። እናቴ ጸበል ወሰደችኝ፤ እዚያ ክኒኑን ካላቆመች አይሠራላትም ስላሉን አቆምኩና በአንድ ቀን አራት ጊዜ ወደቅሁ። ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ ጸበሉንም ዱዓውንም አድርጉ፣ መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። አባቴ ሲሰማ ከእናቴ ጋር ለአንድ ሳምንት ተኳረፉ። ሐዋሳ ወስዶኝ ሁለተኛ መድኃኒት ተጨመረልኝ፣ አዲስ አበባ ወስዶኝ ሦስተኛ። የእናቴ የጆሮ ወርቅ ለመሳፈሪያና ለአልጋ ሄደ።

ሰባተኛ ክፍል ላይ ዳይሬክተሩ አባቴን አስጠሩት። "ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ግን ኃላፊነት መውሰድ አንችልም። እስኪሻላት ቤት ትቆይ" አሉት። እኔ ደግሞ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና እንደ እኩዮቼ ቁጭ ብዬ መፈተን። የሰፈሬ ሰው "ምስኪን፣ ለዚህች ትምህርት ምን ያደርግላታል" ሲል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ምስኪን የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ አልወደውም።

አዲስ አበባ ያገኘናት የነርቭ ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። አባቴን ሳይሆን እኔን እያየች ነው የምታወራው። "ሁለት መድኃኒት በትክክለኛው መጠን ተወስዶ ካልሠራ፣ ሦስተኛውና አራተኛው የመሥራት ዕድላቸው ያነሰ ነው" አለችኝ። ከዚያ ስለ ማሽኑ ነገረችኝ። ከአንጎል ተነስቶ በአንገት በኩል ወደ ደረት የሚወርድ ቬገስ የሚባል ነርቭ አለ። የእጅ ሰዓት የሚያክል ባትሪ በግራ ደረት ቆዳ ሥር ይቀበራል፣ ቀጭን ሽቦ ከነርቩ ጋር ያገናኘዋል። በየአምስት ደቂቃው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ አንጎል ውስጥ የሚነሳውን ረብሻ ቀስ በቀስ ያበርዳል። ለጉብኝት የመጡ ሐኪሞች ጥቂት ማሽኖች በእርዳታ ይዘው መጥተው ነበር።

"ትድናለች?" አለ አባቴ።

"አትድንም። ሊቀንስላት ይችላል፣ ላይሠራላትም ይችላል። ለማወቅ ወራት ይፈጃል፤ ክኒኖቿንም አታቆምም።"

አባቴ ወደ ቤት ደወለ። እናቴ በስልክ ስትሰማ "የልጄን አንገት አላስቀድድም!" ብላ ጮኸች። ስልኩን ከአባቴ እጅ ወሰድኩት። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። "እማዬ፣ አንገቱ የኔ ነው" አልኳት።

በክረምቱ እረፍት ቀዶ ሕክምናው ተሠራልኝ። ስወጣ ነርሷ ሁለት ማግኔት ሰጠችን፤ አንዱ እንደ ሰዓት እጅ ላይ የሚታሰር፣ ሌላው መጠባበቂያ። ሊጥለኝ ሲል ወይም ጥሎኝ ሳለ ማሽኑ ላይ አንዴ አሳልፎ ቶሎ ማንሳት ነው፤ ማሽኑ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይልክና መንፈራገጡን ሊያሳጥረው ይችላል። "ማግኔቱ ከአንቺ እንዳይለይ" አለችኝ። ሌላም ብዙ ነገር ብላኛለች፣ እኔ ግን አንገቴ ላይ ያለውን ፋሻ እየነካካሁ ነበር። አባቴ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን መመሪያ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው፣ ቤት ሲደርስም ከውትድርና ወረቀቶቹ ጋር ብረት ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት።

ስንመለስ ክብረ መንግሥት ላይ ከሻኪሶ የመጣ የወርቅ ነጋዴ አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። እነሱ ጥቁሩን አሸዋ ከወርቁ ብናኝ የሚለዩት በማግኔት ነው። እጄን አየና "አንቺ ደግሞ ከአሁኑ ወርቅ ጀመርሽ እንዴ?" አለኝ። "አዎ፣ ራሴን እያጣራሁ ነው" አልኩት። እስከ ወደራ ድረስ ሳቀ።

ማሽኑ አንድ ጣጣ ነበረው። በሠራ ቁጥር አንገቴን ይኮረኩረኛል፣ ድምፄም ይሻክራል። ዳይሬክተሩ ስምንተኛ ክፍል እንድገባ ፈቅደውልኝ ነበርና፣ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳነብ መሀል ላይ ድምፄ ተሰንጥቆ ይወጣል። ልጆቹ 'እንቁራሪቷ' አሉኝ። አንጀቴ ይቃጠላል፣ ማንበቤን ግን አላቆምም። በጥር ወር ላይ ግን አንድ ነገር አስተዋልን። በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ የምወድቀው ልጅ በወር ሁለት ጊዜ ሆንኩ። እናቴ በቀን መቁጠሪያው ላይ የምታደርገው የእስክርቢቶ ምልክት ሳሳ።

በየካቲት የእጅ ማሰሪያው ተበጠሰና ማግኔቱ ጠፋ። የቀረን መጠባበቂያው ብቻ ነው። አዴ ሀሊማ ሰምታ "ይኼማ መጥፋት የለበትም፣ ስጡኝ" አለች። በእኛ አገር መጥፋት የሌለበት ነገር በቆዳ ይሰፋል፣ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። በሚያምር ቀይ ቆዳ እንደ ክታብ ሰፍታ፣ እንዳይወዛወዝ በብብቴ ሥር የሚያልፍ ጠፍር ጨምራ፣ ልክ ማሽኑ ላይ አሰረችልኝ። "አጠገቡ ከሆነ ደግሞ ይበረታል" አለች። አባቴ ተስማማ፣ እናቴ ተስማማች፣ እኔም ተስማማሁ። ሌባም አያገኘውም፣ ሰውም አያየውም።

በዚያው ሳምንት ድምፄ ጠራ። መሻከሩ ጠፋ! ሱቋ ደጃፍ ቁጭ ብዬ የአማርኛ መጽሐፌን ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

"አልሀምዱሊላህ፣ ድምፅሽ ተመለሰ" አለችኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ክፍል ውስጥ ወደቅሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሦስት ጊዜ። በሚያዝያ ወደ ድሮዬ ተመለስኩ። ዳይሬክተሩ ስሜን ከተፈታኞች ዝርዝር ሰረዙት። አባቴ ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ "በሚቀጥለው ቀጠሮ ያውጡልሽ። በከንቱ ብረት ተሸክመሽ አትኖሪም" አለኝ። ያን ያህል ሆድ ብሶኝ አያውቅም። ከመውደቁ ይልቅ የባሰኝ የሰፈሩ ሰው ትክክል ነበር ማለት ነው ብዬ ማሰቤ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጓሮ ገላዬን ልታጠብ ውኃ በሳፋ ቀርቦልኛል። ለራሴ እያንጎራጎርኩ፣ ስታጠብ እንኳ ከላዬ የማላወጣውን ክታብ ያን ቀን ፈትቼ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ወዲያው ድምፄ ተሰነጠቀ። አንገቴ ውስጥ ያ የማውቀው መኮርኮር ተሰማኝ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ስንት ጊዜዬ ነው ይህን ከሰማሁ? አሰብኩ፤ ቆዳው ከታሰረልኝ ጀምሮ አንድም ቀን አልሰማሁትም።

ክታቡን መልሼ አሰርኩትና አንጎራጎርኩ። ውኃው እስኪቀዘቅዝ፣ ሳሙናው ላዬ ላይ እስኪደርቅ አንጎራጎርኩ፤ ድምፄ እንደ ጠራ ነው። ፈታሁት፣ ተሰነጠቀ። እንደገና አሰርኩት፣ ጠራ። ሦስተኛ ጊዜ ሞከርኩ።

"ታጥበሽ አልጨረስሽም እንዴ?" አለች እናቴ ከውስጥ።

"እማዬ! ማሽኑ አልተበላሸም! እኛ ነን ያጠፋነው!" እያልኩ ፎጣ ለብሼ ከነሳሙናዬ ገባሁ።

አባቴ ለሐኪሟ ደወለ። ማግኔቱ ማሽኑ ላይ ካረፈ፣ እስኪነሳ ድረስ ማሽኑ ሥራ ያቆማል አለችው። አሳልፎ ቶሎ ማንሳት የሚባለውም ለዚህ ነው። "መመሪያው ላይ ተጽፎ ነበር፣ አላያችሁትም?" አለችው። አባቴ የብረት ሳጥኑን አየ። ጥፋቱ የሁላችንም ነው፤ እኔም ነርሷ ስትናገር ጆሮዬ ሌላ ቦታ ነበር። እናንተ ግን ሐኪም የሰጣችሁን ወረቀት አትቆልፉበት፤ ማንበብ ካቃታችሁ ለሚያነብላችሁ ስጡ።

ከባዱ ለአዴ ሀሊማ መንገር ነበር። ሱቋ ሄድኩ። "አካም፣ ኢንታላ ኮ" አለችኝ ቀና ብላ፤ እንዴት ነሽ ልጄ ማለቷ ነው። ተንተባተብኩ።

"አዴ፣ እንዳይከፋዎት። ማግኔቱ ደረቴ ላይ ሲውል ማሽኑን ያስተኛዋል። የወደቅሁት ለዚያ ነው።"

ወስፌዋን አስቀመጠች።

"እኔ ነኝ የጣልኩሽ?"

"አይደለም! አንቱ ባይኖሩ እኔ የለሁም።"

"ያ ረቢ" አለች በቀስታ። ከዚያ እጇን ዘረጋች። "አምጪው።"

ስፌቱን በምላጭ እየቆረጠች ፈታችው። እንባዋ ቆዳው ላይ ይንጠባጠባል፣ እሷ ግን በመዳፏ እየጠረገችው ትቆርጣለች። ከዚያው ቀይ ቆዳ የእጅ ማሰሪያ ሰፋችልኝ፤ በሬ ቢጎትተው እንኳ አይበጠስም። ሲያልቅ እጄን ይዛ መንገድ አሻገረችኝና እናቴን ጠራቻት።

"እኔ ሁሌ አልኖርም። አሁን ተራው የአንቺ ነው" አለቻት። የእናቴን እጅ ይዛ፣ እኔ እንዳሳየኋት ማግኔቱን ደረቴ ላይ አሳልፎ ማንሳትን ደጋግማ አስለመደቻት።

የፈተናው ምዝገባ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ዓይኔን በጨው አጥቤ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄድኩ። አባቴ ዶሎ ኦዶ ለግዳጅ ሄዶ ስለነበር አብራኝ የመጣችው እናቴ ናት። ሁሉንም አስረዳኋቸው።

"ዛሬ ማግኔት፣ ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ትይኛለሽ" አሉኝ። "ለራስሽ ነው የማስበው። ፈተና ላይ ብትወድቂ ማን ይጠየቃል? በሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን።"

"ጋሼ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ልወድቅ እችላለሁ" አልኳቸው። "ብወድቅ እነሳለሁ። እስከ ዛሬ ያልተነሳሁበት ቀን አለ?"

ሊመልሱልኝ ሲሉ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ሊጥለኝ ሲል የሚሸተኝ እሱ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረችኝ የዳይሬክተሩ ጸሐፊ ናት። ወንበሩን ይዤ ወደቅሁ። ዳይሬክተሩ ብድግ ብለው ከመሳቢያቸው ክብሪት አወጡና ጫሩ። እናቴ፣ ለሰባት ዓመት በር ላይ ቆማ የኖረችው እናቴ፣ መሬት ላይ ተንበረከከች። "ክብሪቱን አጥፉልኝ!" ብላ ጮኸችባቸው። እጄን ከነማሰሪያው አንስታ ደረቴ ላይ አሳለፈችው፣ በጎኔ አስተኛችኝ፣ አረፋዬን በነጠላዋ ጠረገችው። ደቂቃ ሳይሞላ አበቃ።

ስነቃ ራሴ የእናቴ ጭን ላይ ነው። በር ላይ ማንም የለም። ዳይሬክተሩ የጠፋ ክብሪት በሁለት ጣታቸው ይዘው ቆመዋል። ቀና ለማለት ሞከርኩ። ማሽኑ እየሠራ ስለነበር ድምፄ እንደ እንቁራሪት ነበር፣ ግድ አልሰጠኝም።

"ፎቶግራፌን ይዤ መጥቻለሁ" አልኩ። "የት ነው የምፈርመው?"

ተፈተንኩ። አለፍኩ። በሁለተኛው ቀን ፈተና ላይ አንዴ ፈዝዤ አንድ ጥያቄ አምልጦኛል፣ እሱን ለፈታኞቹ እስከ ዛሬ አልተውኩላቸውም።

አሁን እዚሁ ነገሌ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። አልዳንኩም። ክኒኔን በየቀኑ እውጣለሁ፣ ባትሪዬ አንዴ ተቀይሯል፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ እወድቃለሁ፣ ከዚያም እነሳለሁ። ብዙ ልጆች በመድኃኒት ብቻ ይሻላቸዋል፤ እንደኔ መድኃኒት አልበግረው ያለ ሲኖር ደግሞ ሌላ መንገድ እንዳለ ማወቁ አይከፋም። አዴ ሀሊማ ካረፈች ዓመታት ሆኑ። ማሰሪያዋ እጄ ላይ ነው።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ከወደራ ሴት ልጇን ይዛ መጣች። የሐኪም ትእዛዙን ስትሰጠኝ የበሽታውን ስም በሹክሹክታ ነገረችኝ።

"ጮክ በይ፣ የኔም እሱ ነው" አልኳት።

ደነገጠች። እጄን አሳየኋት፣ ድምፄም በዚያው ሰዓት ተሰነጠቀ። ልጅቷ ሳቀች። ስትወድቅ በጎኗ አስተኚያት፣ አፏ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አትክተቺ፣ ሰዓት ያዢ፣ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጪ አልኳት። ገንዘብ ልታወጣ ቦርሳዋን ስትከፍት ክብሪት አየሁ። እጄን ዘረጋሁ።

"ይኼን ስጪኝ።"

"ብትወድቅብኝስ?"

"ብትወድቅ እጅሽ ይበቃታል።"

አመነታችና ሰጠችኝ። ከባንኮኒው ሥር ያለው መሳቢያ እንዲህ በተሰበሰበ ክብሪት ሞልቷል። የሻይ ምድጃችንን የምንለኩሰው በእነሱ ነው፤ እዚህ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ አንድም ቀን ክብሪት ገዝተን አናውቅም።